እማዬን ይዤ ትሬይል ሪጅ ሮድን ልወጣ ነው፤ ገደል ደግሞ እፈራለሁ

የአውሮራዋ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ እኔ ጋ ኮሎራዶ፣ አውሮራ ናት። ሦስት ወር ልትቆይ ነው የመጣችው፤ አንዱ ወር አለቀ። እስካሁን ያሳየኋት ነገር ቢኖር ቤተ ክርስቲያን፣ ሐበሻ ሱቅ፣ ኮስትኮ እና የጎረቤታችንን ውሻ ነው። ባለፈው እሑድ ከመኪና ስትወርድ ዙሪያዋን አየት አደረገችና "አሜሪካ ማለት ፓርኪንግ ነው እንዴ?" አለችኝ። ምን ልበላት?

ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ተራሮቹን ታያለች። ጁላይ ገብቶ እንኳ ጫፋቸው ላይ ነጭ ነጭ ነገር አለ። "በረዶ ነው? በዚህ ክረምት?" አለች። እዚህ አሁን በጋ እንደሆነ፣ በረዶውም ካለፈው ክረምት የተረፈ እንደሆነ ለማስረዳት ከአቦል እስከ በረካ ፈጀብኝ። አሁንም ያመነችኝ አይመስለኝም።

ወንድሜ "ሮኪ ማውንቴን ናሽናል ፓርክ ውሰጃት፣ ትሬይል ሪጅ ሮድን ውጡ" አለኝ። ዩቲዩብ ላይ ገብቼ አየሁት። ምነው ባላየሁት! አጥር የሚባል ነገር የለውም። አስፋልት፣ ከዚያ ነጭ መስመር፣ ከዚያ ሰማይ።

መንዳት የተማርኩት እዚሁ ነው፤ ስድስት ዓመቴ ነው። በረዶ እየጣለ ሃይዌይ ላይ ነድቼ ሥራ ገብቻለሁ። ገደል ግን ሌላ ነው። ልጅ ሆኜ ወደ ደሴ በአውቶቡስ ስንሄድ ጣርማ በርን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የማልፈው።

መኪናዬ የ2014 ቶዮታ ሲየና ናት። ፍሬኗን በቅርብ አስቀይሬያለሁ። እማዬ 67 ዓመቷ ነው። ደም ግፊት አለባት፣ መድኃኒቷን ትወስዳለች። አየሩ ይከብዳት ይሆን? ደግሞ "ቀድመሽ ፈቃድ መያዝ አለብሽ" የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ እሱስ ምንድን ነው? ማክሰኞ ነው እረፍቴ፣ ያኔ ነው መሄድ የምንችለው።

"አትፍሪ" ብቻ ብላችሁ እንዳትሄዱ። እሱን ወንድሜም ብሎኛል።

---

ዳገት ወዳድ

የፈቃዱን ነገር ለእኔ ተዪው፤ ዋጋ ከፍዬ ነው የተማርኩት።

በበጋ፣ ከሜይ መጨረሻ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ፣ በፈረንጅ ሰዓት ከጠዋቱ 9 እስከ ከሰዓት በኋላ 2 ባለው ጊዜ ለመግባት የመግቢያ ሰዓት ቀድመሽ በኢንተርኔት መያዝ አለብሽ። ከመግቢያ ክፍያው የተለየ ነው። ከ9 በፊት በሩን ካለፍሽ ግን አያስፈልግሽም። ቤር ሌክ የሚባለው በኩል የራሱ ሌላ ፈቃድ አለው፤ ሰዓቱም ይለያል። አንቺ ወደዚያ አትሄጂም፣ እርሺው። ለማንኛውም ከመነሳትሽ በፊት የፓርኩን ድረ ገጽ እዪ። ሕጉም ይቀያየራል፣ መንገዱም በጁላይ ሳይቀር በረዶ ጥሎ ለሰዓታት ሊዘጋ ይችላል።

ስለዚህ በሌሊት መነሳት ነው። ሰዓት ስትነግሪ ደግሞ ተጠንቀቂ! አምና ለቤተሰቡ ሁሉ "ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት እንነሳለን" ብዬ ጻፍኩ። እዚህ የተወለደው የእህቴ ልጅ እኩለ ቀን መስሎት ተኝቷል። "ጠዋት ብዬ ጽፌልህ የለም እንዴ?" ስለው "አጎቴ፣ እናንተ ስትነሱ ሁሌ ጠዋት ነው" አለኝ። በሩ ላይ ስንደርስ በፈረንጅ 9፡40። በትህትና መለሱን። ኤስተስ ፓርክ ከተማ ውስጥ አይስክሬም ስንልስ ውለን ከሰዓት በኋላ 2 ሰዓት ሲያልፍ ገባን። ላይ ስንደርስ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ነጎድጓዱ ከራሳችን በላይ ሳይሆን ከጎናችን ይጮህ ነበር። ከመኪና ሳንወርድ ተመለስን።

---

የኤንትሬ ልጅ

እህቴ፣ እናትሽ እንኳን ደህና መጡ።

አባቴ ኤንትሬ የሚባለው የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ አዲስ አበባ - አሰብ። እኔ ደግሞ 11 ዓመት ከዴንቨር ኤርፖርት ወደ ቬይልና ብሬከንሪጅ ሰው አመላልሻለሁ፤ ክረምት ከበጋ። ትሬይል ሪጅን ስንት ጊዜ እንደወጣሁት መቁጠር ትቻለሁ። ከሀገር ቤት እንግዳ የመጣበት ዘመድ ሁሉ የሚደውለው ለእኔ ነው።

ፍሪ። ግን የሚፈራውን ፍሪ። ሰው የሚፈራው ዳገቱን ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣ ገደሉን እያየ ላብ ያሰጥመዋል። ዳገት ማንንም አይገድልም። መኪናሽ ቢደክማት ትቆማለች፣ አበቃ። ጉዱ ያለው ቁልቁለቱ ላይ ነው። እዚያ ደግሞ ሰው ሁሉ ዘና ብሎ፣ ሙዚቃ ከፍቶ፣ እግሩን ፍሬን ላይ ጭኖ ይወርዳል።

መንገዱን ላስተዋውቅሽ። ከኤስተስ ፓርክ እስከ ግራንድ ሌክ 48 ማይል ነው። ከዚህ ውስጥ 11 ማይሉ ዛፍ ከማይበቅልበት ከፍታ በላይ ነው። ጫፉ 12,183 ጫማ፣ በእኛ 3,713 ሜትር። መሥራት የጀመሩት በ1929 ነው፣ የተከፈተው በ1932። ዳገቱ የትም ቦታ ከ7 በመቶ አይበልጥም። የ1932 ፎርድ የወጣውን ያንቺ ሲየና ያቅታታል? አስፋልቱ ጥሩ ነው፣ ሁለት መኪና በደንብ ያሳልፋል። መንገድ ዳር ረጃጅም እንጨቶች ተተክለው ታያለሽ። በጸደይ በረዶ ሲጠርጉ አስፋልቱ የት እንዳለ የሚያውቁት በነሱ ነው። እነሱን ሳይ ሁሌም የሚገርመኝ ቁመታቸው ነው።

ልብ የምታስመታው ቦታ አጭር ናት። ሬንቦው ከርቭ የሚባለውን መታጠፊያ እንዳለፍሽ ዛፉ ያልቃል፣ መንገዱ ወገቡን የተያዘ ይመስላል። እዚያ ጋ ገደሉን አትይ። ዓይንሽ የሄደበት እጅሽ ይከተላል። ቢጫውን መስመር እና የሚቀጥለውን መታጠፊያ ብቻ እዪ። ቀስ በዪ። ከኋላሽ መኪና ከተሰለፈ አትጨነቂ፤ ሰፋ ያለ ማቆሚያ ስታገኚ ጥግ ያዢና አሳልፊያቸው። ይሉኝታ ይዞሽ ፍጥነት እንዳትጨምሪ። ሐበሻን የሚጎዳው ይሉኝታ ነው።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ።

አባቴ አንድ ሕግ ነበረው። "በወጣህበት ማርሽ ውረድ።" ዳገቱን በሁለተኛ ከወጣኸው በሁለተኛ ውረደው ማለት ነው። ረዳቱ ደግሞ ታኮ ይዞ ከኋላ ይንጠለጠል ነበር፤ መኪናው ቢንሸራተት ዘሎ ጎማው ሥር ሊሸጉጥ። እኔ ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይወስደኝ ነበር። ታኮው ከእኔ ይከብድ ነበር። አንቺ ታኮ የሚይዝልሽ ረዳት የለሽም፣ ስለዚህ ማርሽ ተጠቀሚ። የሲየናሽን ካምቢዮ ከዲ ወደ ኤስ አምጪው፣ ከዚያ በመቀነሻው ወደ 3 አውርጂ፤ ቁልቁለቱ ከበዛ ወደ 2። ሞተሩ ይጮሃል። አትደንግጪ፣ መኪናሽን ይዞልሽ ነው የሚጮኸው። ሃይብሪድ የሚነዳ ሰው ካለ ቢ የምትለዋ ፊደል ለዚህ ናት። ፍሬን ስትይዢ ጠበቅ አድርገሽ ፍጥነቱን ቀንሺ፣ ከዚያ ልቀቂው። እግርሽን እላዩ ላይ አስተኝተሽ አትውረጂ።

ይሄን የምልሽ ጻድቅ ሆኜ አይደለም። እዚህ አገር በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ገና ሹፍርናውን ሳልጀምር፣ ባለቤቴንና ልጆቼን በካምሪ ይዤ ከበርተድ ፓስ ስወርድ ነበርኩ። አውቶማቲክ ነው፣ ማርሽ ምን ያደርጋል ብዬ። መጀመሪያ ሽታ መጣ። የሚሸት ነገር ነው፣ የተቃጠለ ፀጉርና ብረት አንድ ላይ ብትይው። ትንሿ ልጄ "አባዬ ምንድን ነው የሚሸተው?" አለች። "የፊተኛው መኪና ነው" አልኩ። ከፊታችን መኪና አልነበረም። ከዚያ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ሆነብኝ። እረገጣለሁ፣ ይገባል፣ ይገባል። እንደ ምንም ጥግ አስይዤ አቆምኩ። ከፊት ጎማው ጭስ እየወጣ ነው። ውሃ ላፈስበት ስሮጥ ባለቤቴ እጄን ይዛ አስቆመችኝ። በደግ ቀን። የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ጭራሽ ያበላሸዋል። መንገድ ዳር ተቀምጠን ለፒክኒክ የያዝነውን ዳቦ በላን፤ ሃምሳ ደቂቃ። አባቴ ቢያየኝ በኩርኩም ነበር የሚለኝ።

ሌላው ቀላል ነው። ነዳጅ ኤስተስ ፓርክ ላይ ሙዪ፤ ፓርኩ ውስጥ ማደያ የለም። ስልክ አብዛኛው ቦታ አይሠራም፣ ካርታውን ቤት አውርጂው። እኩለ ቀን ሳይሞላ ከዛፍ መስመር በታች ሁኚ፤ ዳገት ወዳድ የነገረሽ ነጎድጓድ በጋውን ሙሉ ከሰዓት በኋላ የማይቀር እንግዳ ነው፣ እዚያ ላይ ደግሞ ረጅሙ ነገር አንቺ ነሽ። ሜኒ ፓርክስ ከርቭ፣ ፎረስት ካንየን፣ ሮክ ከት እያላችሁ እየቆማችሁ ውጡ። አልፓይን ቪዚተር ሴንተር 11,796 ጫማ ላይ ነው፤ ሽንት ቤትም፣ ትኩስ ነገርም አለ።

እዚያ ከደረስሽ በኋላ ሁለት ምርጫ አለሽ። በመጣሽበት መመለስ፣ ወይም ወደ ምዕራብ ወርደሽ በግራንድ ሌክ፣ በግራንቢ፣ በበርተድ ፓስ አድርገሽ አይ-70ን መያዝ። እኔ ዙሪያውን ብትዞሩ እላለሁ። ከደከመሽ ግን ተመለሺ፣ ማንም አይከስሽም።

---

ሙሉ ጎጃም

አባይ በረሃን ወርዶ የወጣ ሕዝብ አሜሪካ መጥቶ አስፋልት ይፈራል? እናትሽን ጠይቂያቸው፣ ይስቁብሻል። ባሌ ላይ ሰነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ያውም ኮረኮንች። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ጫፉ ድረስ በመኪና ይወጣል። ይሄኛው ከዚያ አንጻር ሜዳ ነው።

ከወጣሽ አይቀር ኦልድ ፎል ሪቨር ሮድን ውጪ። እሱ ነው መንገድ ማለት። ባለ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ ከፊት የሚመጣ መኪና የለም።

---

የኤንትሬ ልጅ

ወንድሜ፣ ስለ ሰነቴ እውነትህን ነው፣ አልከራከርም። ግን ሰነቴ አናቱ ሜዳ ነው፤ ገደል የሚፈራ ሰው እዚያ ላይ ተኝቶ ሊነዳ ይችላል። ከፍታና ገደል አንድ አይደሉም። እሷ የፈራችው ጠርዙን ነው።

ኦልድ ፎል ሪቨርን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ አልመክርም። ጠጠር ነው፣ 11 ማይል። በ1920 የተከፈተ የድሮ መንገድ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ዳገቱ 16 በመቶ ይደርሳል። ፍጥነቱ በሰዓት 15 ማይል ብቻ። ቆንጆ ነው፣ አልካድኩም። ግን አንዴ ከገባህ መዞር የለም። የፈራ ሰው ደግሞ ከምንም በላይ የሚፈልገው "መመለስ እችላለሁ" የሚለውን ነው።

---

ሻይ በቅመም

ነርስ ነኝ፤ ስለ እናትሽ ጤና አንድ ሁለት ነገር ልበል።

"የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው፣ ምን ይሆናሉ" የሚል ሰው አትስሚ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ነው፣ እውነት ነው። ዴንቨር ግን 1,600 ነው፣ እሳቸው ደግሞ ወር ሆኗቸዋል። ሰውነት ከፍታ እንደሚለምደው ሁሉ ይረሳዋልም። 3,700 ሜትር ላይ ከባህር ጠለል ጋር ሲተያይ አየሩ በአንድ ሦስተኛ ይሳሳል። ከመኪና ቀስ ብለው ይውረዱ፣ ቀስ ብለው ይራመዱ፣ ውሃ ይጠጡ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ከመጣ መድኃኒቱ መውረድ ነው። "ትንሽ ልረፍ" ብለው እዚያው አይቀመጡ። ደም ግፊት ስላለባቸው ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማቸውን በስልክም ቢሆን ጠይቂ።

ሌላው ሰው የማይናገረው ነገር። ከግፊት መድኃኒቶች አንዱ ሽንት የሚያሸና ሊሆን ይችላል። እናቶቻችን መንገድ ሲሄዱ "እዚያ ማን ያሸናኛል" ብለው ሳይነግሩን ይዘሉታል። የእኔ እናት ሁለት ጊዜ ሠርታኛለች። ጠዋት ሲውጡ ዓይንሽ እያየ ይሁን። ሽንት ቤት ባገኛችሁበት ሁሉ ቁሙ።

ጋቢ ያዙ። ዴንቨር እሳት ሲሆን እዚያ ላይ በብርድ ጥርስ ይንቀጫቀጫል። ፀሐዩ ግን ያቃጥላል፣ ሁለቱም አንድ ላይ ነው።

ደግሞ ለሌሎች እናት አባት ላላችሁ፦ 62 ዓመት የሞላው ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው በ80 ዶላር የዕድሜ ልክ የናሽናል ፓርክ ካርድ ያወጣል፤ አብሮት መኪናው ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ያስገባል። በጉብኝት ቪዛ ለመጣ ግን አይሆንም።

---

የአውሮራዋ

ሄደን መጣን! ሪፖርት ላቅርብ።

በሐበሻ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ተነሳን (4፡30 በፈረንጅ፣ ዳገት ወዳድ አመሰግናለሁ)። እማዬ ከእኔ ቀድማ ተነስታ፣ ጸሎቷን ጨርሳ፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ በፌስታል ዳቦ ቆሎ ቋጥራ በር ላይ ቆማለች። መድኃኒቷን አምጪ ስላት "ስንመለስ እውጠዋለሁ" አለች። ሻይ በቅመም፣ እግዜር ይስጥሽ! ቁጭ ብዬ አስዋጥኳት። ሐኪሟ ቀድሞ "ቀስ ብላችሁ ከሄዳችሁ ችግር የለም" ብሎን ነበር።

በሩን ያለፍነው በፈረንጅ 7 ሰዓት ሳይሞላ ነው። ማንም የለም። እስከ ሜኒ ፓርክስ ከርቭ ድረስ ጥድ በጥድ ነው፣ ምንም አልመሰለኝም። ይሄን ነው እንዴ የፈራሁት እያልኩ ነበር። ከዚያ ሬንቦው ከርቭ።

የኤንትሬ ልጅ እንደነገሩኝ ነው፤ ዛፉ ድንገት አለቀ። በቀኜ ዓለም የለም። እጄ መሪው ላይ ተጣበቀ፤ ላብ መዳፌን አርጥቦታል። ፍጥነቴ 15 ማይል ሆኗል። እማዬ አየችኝ። አይታኝ ዝም አለች፣ ከዚያ መስኮቱን ከፈት አድርጋ "አንቺ መንገዱን እዪ። ገደሉን እኔ አይልሻለሁ" አለች።

የምሯን ነው! መናገር ጀመረች። "እታች ወንዝ አለ። ጫካው ምንጣፍ ነው የሚመስለው። እዛ ማዶ ያለው ተራራ ላይ በረዶው ተሰንጥቆ መስቀል ሠርቷል። አሁን አንድ ትልቅ ወፍ ከእኛ በታች እየበረረ ነው።" ከእኛ በታች! እኔ ቢጫዋን መስመር እያየሁ፣ እሷ እየተረከችልኝ አለፍነው። አምስት ደቂቃ አይሆንም። የሚገርመው ስትተርክልኝ ገደሉ ደስ የሚል ነገር መሰለኝ።

ሮክ ከት ላይ ወረድን። ብርዱ ፊት ይገርፋል። በእግር የሚኬድ አጭር መንገድ አለ፣ ቀስ እያልን ትንሽ ሄድን። ዛፍ የለም፣ ቁጥቋጦ የለም። ሣሩ ከጫማ ጫፍ አይበልጥም፣ መሐሉ ላይ የጥፍር ያህል አበቦች አሉ፤ ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ እንደ ሰማይ ያለ ሰማያዊ። እማዬ ጎንበስ ብላ አየችና "ይሄማ መንዝ ነው" አለች። "ጓሳ እንዲህ ነው፣ ጅብራው ነው የጎደለው።" እናቷ የመንዝ ሰው ናቸው፤ ልጅ ሆና እዚያ ነው ያደገችው። አንድ ሬንጀር (የፓርኩ ጠባቂ) መጥታ ከመንገዱ እንዳንወጣ ነገረችን፤ እዚህ ተክሉ የሚያድግበት ጊዜ በዓመት ጥቂት ሳምንት ስለሆነ አንዴ ከተረገጠ ለማገገም ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ተረጎምኩላት። እማዬ በጣም ደስ አላት። "እኛም ጓሳው በዘፈቀደ አይታጨድም፣ ወቅት አለው፣ የሚጠብቀው ሰው አለው" በያት አለችኝ። አልኳት። ሬንጀሯ ስንት ጥያቄ ጠየቀቻት መሰላችሁ! ሃያ ደቂቃ እዚያ ብርድ ላይ አስተረጎሙኝ።

ድንጋይ ላይ ድመት የሚያህል ወፍራም ፍጥረት ወጥቶ አፏጨ። ማርሞት ነው ስላት እማዬ አልተቀበለችም። "ሽኮኮ ነው" አለች። አይደለም፣ ሽኮኮ ዘመዱም አይደለም፣ ስልኬ ላይ አሳየኋት። "ፈረንጅ ስሙን ቀይሮት ነው" አለች። ተውኩት።

የበረዶው ነገር። መንገድ ዳር ጁላይ ያልጨረሰው ክምር ነበር፣ ቁመቷን ያህል፣ ከላይ አቧራ የለበሰ። በጣቷ ቆፈር አድርጋ ንጹሑን አገኘችና ቀመሰችው። "ባዶ ነው" አለች። እንግዲህ ምን ጠብቃ እንደነበር አላውቅም።

ሚልነር ፓስ ላይ ውሃው ለሁለት የሚከፈልበት ምልክት አለ። አንዱ ወገን በመጨረሻ ወደ አትላንቲክ፣ ሌላው በኮሎራዶ ወንዝ በኩል ወደ ፓስፊክ ወገን። ይሄን ለማስረዳት ተቸግሬ "እንደ እንጦጦ በዪው" አልኳት፤ ወደዚህ የጣለው ዝናብ ወደ አዋሽ፣ ወደዚያ የጣለው ወደ አባይ። ወዲያው ገባት። ሁለት እግሯን በሁለቱ ወገን አድርጋ ፎቶ ተነሳች። ፎቶው አሁን ደብረ ብርሃን ማኅበሯ ሁሉ ጋ ደርሷል።

በምዕራብ በኩል ስንወርድ ግን ዝም አልን። በ2020 በተነሳው እሳት የተቃጠለው ጫካ እስካሁን ጥቁር ሆኖ ቆሟል። ተራራው ሙሉ ክብሪት የተሰካበት ይመስላል። እማዬ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ "ይሄ ሁሉ ማገዶ!" አለች። መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። ሥሩ ግን ሣርና ትንንሽ ቡቃያ ወጥቷል፣ እሱንም ያየችው እሷ ናት።

በርተድ ፓስን በ3 ማርሽ ወረድኩት፤ ሁለት ቦታ ላይ በ2። ሞተሩ ሲጮህ እማዬ "ታሟል እንዴ?" አለች። ከኋላዬ አንዱ ጥሩምባውን ሲያንጫርረው ጥግ ይዤ አሳለፍኩት። ታች ስንደርስ ወርጄ ጎማውን አሸተትኩት። እውነት! መንገድ ዳር ጎንበስ ብዬ ጎማ ሳሸት ሰው አይቶኛል። ምንም አልሸተተም።

እማዬ ራሷን ትንሽ አሟት ነበር ላይ እያለን፤ ግራንድ ሌክ ስንደርስ ለቀቃት። እኔ ግን ማታ እጄ ሲንቀጠቀጥ ነበር ያደረው፤ በፍርሃት ሳይሆን መሪውን አንቄ ይዤው ስለዋልኩ።

አሁን ችግሩ ሌላ ነው። ትናንት ቡና ላይ "ከዚህ የሚበልጥ የለም ወይ?" አለችኝ። ወንድሜ አፉን አላርፍ አለውና ፓይክስ ፒክን ነገራት። የሄደ ሰው አለ?

---

ሙሉ ጎጃም

እናትሽን ስጪኝና እኔ ልውሰዳቸው።

---

የኤንትሬ ልጅ

"ገደሉን እኔ አይልሻለሁ" የሚለውን ለባለቤቴ አነበብኩላት። ከእንግዲህ እሷም እንዲህ ልታደርግልኝ ነው።

ፓይክስ ፒክ 19 ማይል ነው፣ ጫፉ 14,115 ጫማ። ከትሬይል ሪጅ በ600 ሜትር ገደማ ይበልጣል፣ ስለዚህ ሐኪማቸውን እንደገና ጠይቂ፣ ላይም ብዙ አትቆዩ። መንገዱ ሙሉ በሙሉ አስፋልት ነው። መታጠፊያው ይበዛል፣ ይጠባባል፣ ግን አሁን አንቺ ተፈትነሻል። በሌሊት ተነሱ፣ መግቢያ ሰዓትም ቀድመሽ ያዢ። ጫፉ ላይ ዶናት ይሸጣል፤ እናትሽ ቦምቦሊኖ ነው ይሉታል፣ አትከራከሪ።

ስትወርዱ ግሌን ኮቭ የሚባል ቦታ ላይ እያንዳንዱን መኪና እያስቆሙ የፍሬኑን ሙቀት በመለኪያ ያያሉ። የጋለበት ሰው ጥግ ይዞ እስኪበርድ ይቀመጣል። እኔ አራት ጊዜ አልፌያለሁ፣ አንድም ቀን አላስቀመጡኝም። ሲያሳልፉሽ ስንት ዲግሪ እንዳነበቡ ጠይቂያቸውና እዚህ ጻፊልኝ።